ሁለቱ ወረፋዎች

ባለቁልፏ የሚለውን ስም ያወጡላት የመጀመሪያዎቹ ተከራዮቿ ናቸው። በአንድ የሽቦ ቀለበት ላይ የተሰኩ አምስት ቁልፎች ነበሯት፤ አራቱ የአራቱ ክፍሎች፣ አምስተኛው የውጭው በር። በሽርጧ ኪስ ይዛቸው በግቢው ስትመላለስ ስለሚንሿሹ፣ ድምጿ ከአጥር የማያልፈው ያቺ ዓይን አፋር ሴት መምጣቷ የሚታወቀው በቁልፎቿ ነበር። ነገሩ ሲያሳፍራት ጊዜ በመሐረብ ጠቅልላ ትይዛቸው ጀመር። ቁልፎቹ ዝም አሉ፤ ስሙ ግን ቀረ።

አራቱን ክፍሎች የሠራው ባሏ ነው። ግንበኛ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ይሰነብትና በዕረፍት ቀኑ የራሱን ይሠራል፤ ከዚህ የተረፈ ድንጋይ፣ ከዚያ የተረፈ እንጨት እያመጣ። ስለዚህ ክፍሎቹ እንደ አንድ እናት ልጆች ቢሆኑም መልካቸው ለየቅል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በር ዝናብ ሲመጣ ያብጥና በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ሁለተኛው የጠዋት ፀሐይ ይገባበታል፤ ነርሷ ስድስት ዓመት ሙሉ አልለቅም ያለችው ለዚያ ነው። ሦስተኛው ለቧንቧው ቅርብ ነው፤ እዚያ የሚኖረው የአውቶቡስ ሾፌር ማለዳ ፊቱን ሲታጠብ የሚያፏጨውን ዜማ ግቢው ሁሉ ያውቀው ነበር። አራተኛው ከሁሉ ያንሳል። መስኮቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ከፈረሰ ትምህርት ቤት የመጣ መስኮት ነው። ሰው ሲጠይቀው ግንበኛው፣ «ለክፍሉ መስኮት አላወጣሁለትም፤ ለመስኮቱ ነው ክፍል የሠራሁለት» ይል ነበር።

በዚያ ዘመን የመንገዱ ሰዓት የክር ፋብሪካው ጡሩንባ ነበር። ጡሩንባው ሲነፋ አንዱ ፈረቃ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ መንገዱ ለሩብ ሰዓት ያህል በሰው ይሞላና መልሶ ጭር ይላል። የወጡት ፀጉራቸው ላይ ብናኝ ጥጥ ስላለ፣ ወጣቶቹ ሳይቀሩ ሽማግሌ ይመስላሉ። ባለቁልፏ በሩ ላይ ቆማ እነሱን ማየት ትወድ ነበር። ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ፣ ማን ከማን ጋር መሄድ እንደጀመረ ታውቃለች፤ ታውቃለች እንጂ ለማንም አታወራም።

ፋብሪካው ሦስተኛ ፈረቃ ሲጨምር ክፍል ፈላጊው በዛ። ከየቦታው የመጡ ሰዎች፣ አንዳንዱ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ፣ ከበር ወደ በር ይዞሩ ጀመር። «ባዶ ክፍል ይኖራል?» ይላሉ። አይኖርም። ባለቁልፏ ግን ሰው ፊት «የለም» ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀርባታል። ስለዚህ አንድ መላ ፈጠረች፤ ደብተር ገዛችና «ልመዝግብዎት፤ የሚለቅ ሰው ሲኖር...» ማለት ጀመረች። ሰውዬው ተስፋ ይዞ ይሄዳል፤ እሷም «የለም» ሳትል ትገላገላለች።

ስም መጠየቅም ያሳፍራት ስለነበር የምትጽፈው መልክ ነው። ባለ ሰማያዊ ሹራብ፣ ክርኑ የተጣፈ። ሁለት ጃንጥላ የያዘች ሴት። ሰላም ሲል ባርኔጣውን የሚያነሳ፣ ራሱ መሐል ላይ የተመለጠ። መንታ ሕፃናት ያሏት፤ አንዱ የሚያስነጥስ።

ግንበኛው አንድ ቀን ደብተሩን ገልጦ አነበበና በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት፣ ይሄ መዝገብ ነው ወይስ ተረት? ክፍል ቢለቀቅ ባለ ሰማያዊ ሹራቡን ምን ብለሽ ልትጠሪው ነው? ሹራቡን ቢቀይርስ?»

«አይቀይርም» አለች ባለቁልፏ በለሆሳስ። «ሌላ ያለው አይመስልም።»

በመንገዱ ጥግ ላይ አንድ የድንጋይ ፎቅ ቤት ነበር። ከታች ስድስት ከላይ ስድስት፣ አሥራ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በመሐሉም ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ እየዞረ ይወጣል። ባለቤቷ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ጋ ለመሄድ ቆረጡ፤ ቁልፉንም ለባለቁልፏ ሰጧት። «ልጄ፣ ለአምስት ቁልፍ የታመነ ለስድስተኛው አይከዳም። ሊያየው ለሚመጣ ሰው ክፈችለት» አሏት። ለዚህ ነው እሷ የዚያን ቤት ነገር ከማንም አቅርባ ያየችው።

የቤቱ ዋጋ በሰው አፍ የሚዞር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ስድሳ ሺህ የሚያወጣ ቤት፣ አሁን መቶ ሰማንያ ሺህ ተባለ። ይህን ወሬ አፉን በቅቤ አብሶ ወደ ግቢው ያመጣው የግንበኛው ታናሽ ወንድም ነው። ደላላ ነበር። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሳይጠሩት የሚደርስ፣ ሲደርስም ሻይ የሚጠይቅ።

«እትዬ፣ ዛሬ ስኳሩን አትሰስችብኝ» አለ ወንበር እየሳበ። «የዕድሜ ልክ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ባለፈው ይዘህ የመጣኸውም የዕድሜ ልክ ነበር» አለው ወንድሙ። «የመኪናው ወሬ። ሞተር የሌለው መኪና።»

«ሞተሩ በኋላ ይመጣል ብያለሁ እኮ! ተወው እሱን። ስማኝ ወንድምዬ፣ የጥጉን ቤት ግዛ። ሠላሳ ሺህ ጥሪት አለህ። መቶ ሃምሳውን ባንክ ያበድርሃል፤ የዚህን ግቢ ካርታ መያዣ ትሰጠዋለህ። ክፍል ፈላጊው እንደ ንብ ነው የሚርመሰመሰው። በአምስት ዓመት ሦስት እጥፍ የሆነ ቤት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት ሊሆን እንደሚችል አንተው አስላው።»

ግንበኛው ሻዩን አማሰለ። ባለቁልፏ ግን ባሏን ሃያ ሁለት ዓመት ታውቀዋለች፤ ስኳር የሌለበትን ሻይ ሲያማስል ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንበኛው ክፍል ፈላጊ መቁጠር ያዘ። የመንገዱ ባለቤቶች ሁሉ ያን ሰሞን ሌላ ጨዋታ አልነበራቸውም። ሻይ ቤት ይሰበሰቡና አንዱ «እኔ በር ላይ በዚህ ወር ሠላሳ አንድ ሰው መጣ» ይላል፣ ሌላው «እኔ ጋ ሃያ አራት» ይላል፣ ሦስተኛው ላለማነስ ቁጥሩን ያሳድጋል። ግንበኛው በእጁ ላይ ደማምሮ ወደ ቤት መጣ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት!» አላት ገና ከበር። «በዚህ አንድ መንገድ ላይ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል ፈላጊ አለ። አሥራ ሁለት ክፍል በአንድ ጠዋት ይሞላል።»

እውነትም ሁሉም ይህን አምኖ ይገነባ ነበር። በየግቢው መሠረት ተቆፍሯል፤ በየአጥሩ ሥር አሸዋ ተቆልሏል። ለግንበኛው ሥራ ሞልቶለት ነበር። ኪራይም ቢሆን ጨምሯል፤ በወር ሃምሳ ይከራይ የነበረው ክፍል ሰባ አምስት ገብቷል።

ባለቁልፏ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ማካፈል ግን ትወድ ነበር፤ ከነቀሪው። ግንበኛው ራሱ በወጣትነቱ ከአሠሪው ሰምቶ የነገራት አንድ አባባል ነበር፤ «ቤት በአሥር ዓመት ኪራይ ራሱን ካልመለሰ፣ ባለቤቱ የቤቱ ተከራይ ነው» የሚል። ሽንኩርት እየላጠች ይህን አሰበችና ቢላዋውን አስቀምጣ ደብተሯን አመጣች። ያኔ፣ በስድሳ ሺሁ ዘመን፣ አሥራ ሁለት ክፍል በሃምሳ ሃምሳ፤ በዓመት ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። ቤቱ በስምንት ዓመት ከአራት ወር ራሱን ይመልሳል። አሁን በመቶ ሰማንያ ሺህ፣ ክፍሉ ሰባ አምስት፤ በዓመት አሥር ሺህ ስምንት መቶ። አሥራ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር።

ደግማ አሰላችው። ያው ነው። ዋጋው ሦስት እጥፍ ሲያድግ ኪራዩ ያደገው በግማሽ ብቻ ነው። ቤቱ ሲወፍር ፍሬው ከስቷል። ባንኩ ደግሞ ከመቶው አሥር ወለድ ይጠይቃል፤ ለመቶ ሃምሳው ሺህ በዓመት አሥራ አምስት ሺህ። ክፍሎቹ ሁሉ አንድም ቀን ባዶ ሳይሆኑ ቢውሉ እንኳ ኪራዩ ወለዱን አይሸፍንም። የጎደለውን ማን ሊሞላ ነው? ይሄ ግቢ። እነዚህ አራት ክፍሎች። ካልሞሉ ደግሞ ካርታው ባንክ ይቀራል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ይህን ያስረዳት ደብተሩ ሳይሆን የጥጉ ቤት ቁልፍ ነው። ቤቱን ሊያዩ የሚመጡትን እየከፈተች ስታስገባ አንድ ነገር አስተዋለች። የእሷን ክፍል የሚጠይቁት ሰዎች ገና ከመግባታቸው ቧንቧውን ይከፍታሉ፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ቀና ብለው ያያሉ፣ ጎረቤቱ ይጮህ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የጥጉን ቤት ሊገዙ የሚመጡት ግን ቧንቧውን ነክተውት አያውቁም። የሚጠይቁት «አምና ስንት ነበር?» ብቻ ነው። አንዱማ ደረጃውንም ሳይወጣ፣ የመኪናው ሞተር እየሠራ፣ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ተመለሰ። እነዚህ ሊኖሩበት የመጡ አይደሉም። አከራይተው ሊበሉም አይመስሉም። ለሚቀጥለው ገዢ ሊሸጡት ነው፤ የሚቀጥለውም ለሚቀጥለው። ሁለት ወረፋ አለ ማለት ነው፤ የሚኖርበት ሰው ወረፋና የሚገዛው ሰው ወረፋ። ኪራይን ከፍ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነው። የቤቱን ዋጋ ያሰቀለው ሁለተኛው ነው። የሁለተኛው ሲረዝም የመጀመሪያው አብሮ ካልረዘመ፣ ቤት ገዝቶ ከኪራይ የሚኖር ሰው ይራባል።

ታዲያ የመጀመሪያው ወረፋ ምን ያህል ነው? ሁለት መቶ አሥራ ሁለት?

ይህን በልቧ ይዛ፣ መጋረጃ ልታስተኩስ ባለካውያዋ ዘንድ ሄደች። ባለካውያዋ ከመንገዱ ማዶ ልብስ እየተኮሰች የምትተዳደር፣ እሷም ሁለት ክፍል የምታከራይ፣ አፏ እንደ ካውያዋ የማይበርድ ሴት ናት።

«እኔ ደግሞ ሰለቸኝ» አለች በእንፋሎቱ ውስጥ። «ያ ባለ ሰማያዊ ሹራብ ዛሬም መጣብኝ። ክርኑን ልጣፍልህ ወይ ልለው ምንም አልቀረኝ።»

ባለቁልፏ የያዘችው መጋረጃ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ባለ... ክርኑ የተጣፈው?»

«አዎ። ሰላም ሲል ባርኔጣውን ከሚያነሳው መላጣ ጋር ነው የሚዞረው። ምነው፣ ዘመድሽ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ባለቁልፏ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች። ደብተሯን በሽርጧ ሥር ደብቃ በመንገዱ ያሉትን አሥራ አንድ ግቢዎች ዞረች። አንዱ ጋ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዱ ጋ የታመመ ልትጠይቅ፣ አንዱ ጋ ምንም ሰበብ አጥታ በኀፍረት ፊቷ ቀልቶ ቆማ። በየቤቱ ክፍል ፈላጊዎቹን አነሳችና ሴቶቹ በመልክ በመልካቸው ነገሯት። ባለ ሰማያዊ ሹራቡ ዘጠኝ በር አንኳኩቷል። ባለ ሁለት ጃንጥላዋ ሰባት። የመንታዎቹ እናት አሥር በር ዞራ፣ ሁሉም ጋ ሕፃኑ አስነጥሷል። እያንዳንዱ ባለቤት በሩ ላይ የቆመውን ሰው የራሱ አድርጎ ቆጥሮ፣ ሻይ ቤት ሄዶ ደምሮታል። ስትጨርስ ቁጥሩ ሠላሳ አራት ሆነ። ስትመለስ ደግሞ የተቆፈሩትን መሠረቶች ቆጠረች፤ አርባ ስድስት አዲስ ክፍል።

ያን ምሽት ለባሏ ነገረችው። ስለ ሠላሳ አራቱ፣ ስለ አሥራ ስድስቱ ዓመት፣ ስለ ወለዱ። ዓይኑን ሳታይ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ እያጠፈች።

ግንበኛው፣ «አንቺ መቼም መቁጠር ትወጃለሽ» አለ። አልተቆጣም። «ቤት ግን ቁጥር ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ይጨምራል» አለና ተነሳ። «ዋጋው ይጨምራል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

እንደ እሱ ያለ፣ የሰው ወሬ ከማመን ውሃ ልኩን ሦስት ጊዜ የሚያስቀምጥ ሰው፣ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ማለቱ ለእሷ እንግዳ ሆነባት። ግን አልጠየቀችም። መጠየቅ አልለመደችም።

ባንክ የሄዱት በሳምንቱ ነው። ደላላው ከረባት አስሮ ነበር። መነጽር ያደረገች የባንኩ ሠራተኛ ወረቀቶቹን በተርታ ዘረጋች፤ ግንበኛው ፈረመ፤ እስክሪብቶው ወደ ባለቁልፏ ዞረ። ካርታው በሁለቱም ስም ስለነበር ያለ እሷ ፊርማ አይሆንም።

እስክሪብቶውን ያዘች። ወረቀቱ ላይ የግቢያቸው ቁጥር ተጽፏል። የነርሷ ጠዋት ፀሐይ፣ የሾፌሩ ፉጨት፣ ያ ትልቅ መስኮት፣ ሁሉ በአንዲት ቁጥር ውስጥ ገብቷል።

«እትዬ፣ እጅሽን ሰው ያዘው እንዴ?» አለ ደላላው እየሳቀ።

ባለቁልፏ ባሏን አየችው። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ያቃታትን ቃል አወጣችው።

«የለም» አለች። «አልፈርምም።»

የባንኩ ሠራተኛ መነጽሯን አወለቀች። ደላላው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀበት። ግንበኛው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እሷም ሦስት እርምጃ ከኋላው እየተከተለች ቤት ደረሱ።

የጥጉን ቤት በዚያው መንገድ መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት በመቶ ዘጠና ሺህ ገዛው። ባለቁልፏ ቁልፉን አስረከበች። በግቢው ውስጥ ብዙ ነገር አልተቀየረም፤ ግንበኛው እንደ ወትሮው ይወጣል፣ ይገባል፣ «ዳቦውን አቀብዪኝ» ይላል። ቀልዱ ግን ጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰማችው ቀልድ ሲጠፋ፣ ቤቱ አንድ ግድግዳ የጎደለው መሰላት።

በዓመቱ ደላላው ብቅ አለ።

«ሰማሽ እትዬ? የጥጉ ቤት ሁለት መቶ ሃያ ሺህ ተባለ። አርባ ሺህ አምልጦሽ ነው እንዲህ ሽንኩርት የምትልጪው።»

«ፋርማሲስቱ ሸጠው?»

«ማን አብዶ አሁን ይሸጣል? ገና ይጨምራል እኮ!»

«እና አርባው ሺህ የት አለ?»

«ዋጋው ላይ ነዋ!»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች ባለቁልፏ፤ ከዚያ እንግዳ ማሳፈሯ አሳፈራትና ስኳር ጨመረችለት።

በዚያ ሰሞን ነው የባሏን ልብስ ስታጥብ አቧራው የተለየባት። የሲሚንቶ አቧራ ግራጫ ነው፤ የቀይ አፈሩንም ታውቀዋለች። ይሄ ግን ነጣ ያለ ቢጫ፣ እንደ ዱቄት የለሰለሰ ነበር። እንዲህ ያለ ድንጋይ በመንገዱ ላይ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። ሥራ የት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «እዚሁ ቅርብ» ብሎ አልፏታል። በሦስተኛው ቀን ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ወጣች።

የጥጉ ቤት በር ክፍት ነበር። ፋርማሲስቱ ኪራዩ ወለዱን አልሸፍን ስላለው፣ የመሐሉን ደረጃ አፍርሶ በቦታው ሁለት ክፍል ሊጨምር፣ በውጭ በኩል የብረት መሰላል ሊያቆም ነበር። የሚያፈርሰው ግንበኛው ነው። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ፣ መሮውን በመጋጠሚያው አስገብቶ በቀስታ ይመታል፤ ድንጋዩ ሲላቀቅ አቅፎ ያወርደውና ግድግዳው ሥር ያስቀምጠዋል። አንድም አልሰበረም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ትልልቅ መዶሻ ይዘው ቆመው ያዩታል።

«በመዶሻ ብናደቀው በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር» አለ አንደኛው ለሷ፣ ማን እንደሆነች ሳያውቅ። «ሽማግሌው አያስነካንም። በወጣትነቱ የመጀመሪያ ሥራው ይሄ ደረጃ ነበር አሉ። ሃያ ዓመቱ ነበር። አሠሪው ታሞ ብቻውን ነው የጨረሰው። አሁን ደግሞ ፋርማሲስቱ ሌላ ሰው አመጣለሁ ቢለው፣ ከሆነ እኔው ላፍርሰው አለ።»

ባለቁልፏ ዳቦውን ለሠራተኛው ሰጥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መንገድ ላይ ማንንም ሰላም አላለችም። እሱ ቤቱን ፈልጎት ነበር። ለትርፍ አይደለም። እሷም በማካፈል መለሰችለት፤ ከነቀሪው።

ልትጠይቀው ስንት ጊዜ ቃጣት፤ ሁልጊዜ ቃሏን ዋጠች። እንዲህ እያለች አንድ ዓመት አለፈ።

ከዚያ ፋብሪካው ሦስተኛውን ፈረቃ ዘጋ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን አሳጠረ። ክር ከሌላ ቦታ በርካሽ ይገባል ተባለ። ሻንጣ ያንጠለጠሉት ሰዎች አሁን የሚሄዱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። አርባ ስድስቱ አዳዲስ ክፍሎች ኖራቸው ሳይደርቅ ባዶ ቀሩ። የባለቁልፏም አንዱ ክፍል፣ ባለ ትልቁ መስኮት፣ ሰባት ወር ባዶ ሆኖ ከረመ። ነርሷና ሾፌሩ ግን አልለቀቁም፤ እሷና ባሏ ዕዳ ስላልነበረባቸው ኪራዩን ቀንሳላቸው፣ ቀለል ብላ ኖረች። ገዢዎቹ ደግሞ ከተከራዮቹ ፈጥነው ጠፉ። አምና ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ፋርማሲስቱ መድኃኒት ቤቱን ለማዳን የጥጉን ቤት በስድሳ ሺህ አቀረበው።

ደላላው መጣ። ከረባት የለም፤ ጫማው ግን አሁንም ተወልውሏል።

«አልገፋፋችሁም» አለ ቁጭ ብሎ። «አፌ ተቃጥሏል። ዝም ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ ስድሳ ሺህ።»

ባለቁልፏ ደብተሯን አመጣች። አሁን ማንም ሳይጠይቃት ነው። በመንገዱ የቀሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ለሆስፒታሉ ቅርብ ስለሆነ ነርሶች አሉ፣ ሾፌሮች አሉ፣ ከፋብሪካው ያልተቀነሱ አሉ። አሥር ክፍል በሃምሳ አምስት ይያዛል፤ በዓመት ስድስት ሺህ ስድስት መቶ። ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ወር። ኪራዩ ወርዷል፤ ዋጋው ግን ከኪራዩ የበለጠ ወርዷል። ሁሉም ሲሻማበት ያልከፈለ ቤት፣ ሁሉም ፊቱን ሲያዞርበት ሊከፍል ነው።

«አሁን ይሆናል» አለች ለባሏ። «ብድሩም ትንሽ ነው። እኔ እፈርማለሁ።»

ደላላው አፉን ከፈተ። ግንበኛው ሻዩን አማሰለ።

«አልፈልገውም» አለ።

«እንዴ ወንድምዬ! በመቶ ሰማንያ ስትፈልገው...»

«አልፈልገውም አልኩህ እኮ። ለሾፌሩ ንገረው፤ ከሦስተኛው ክፍል። ጥሪት አለው፣ ጠንቃቃ ነው። ለሱ ይሁነው።»

ደላላው ሁለቱንም አይቶ፣ ነገሩ የሱ እንዳልሆነ ገባውና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ባለቁልፏ ደብተሩን ዘጋች።

«ደረጃው ስለፈረሰ ነው?» አለች።

ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ዳቦ ይዤልህ መጥቼ ነበር። ዓመት አለፈው።»

ግንበኛው እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። ጣቶቹ ማበጥ ጀምረው ነበር፤ ከጥፍሮቹ ሥር የድንጋይ ብናኝ በሳሙና የማይለቅ ሆኗል።

«ሠላሳ አንድ ደረጃ ነበር» አለ። «አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ አያንስም።»

«ለምን አልነገርከኝም? የትርፍ ነገር ስታወራልኝ፣ ወሬ ስታወራልኝ... እኔ እኮ በቁጥር መለስኩልህ። በእጄ የሠራሁት ነው፣ እንዲሁ እወደዋለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቀና ብሎ አያት። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓይኑ ጥግ ያ የድሮው ሳቅ ሊመጣ ሲያንዣብብ አየች።

«አንቺ ሴት» አለ። «ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር።»